በሽሮ ውስጥ የተገኘው ነጭ ዱቄት

በእኛ ጊዜ ይሄን በሽታ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፣ ስሚኝ ሄለን፣ ስልክሽን ወደ እኔ አስጠጊው፣ ድምፄ እንዲገባ። ሴቷን ታች ሲያሳክካት፣ ፈሳሽ ሲበዛባት፣ ሽንቷ ሲያቃጥላት፣ "ብርድ ነው" ትባላለች፣ አለቀ። ሐምሌም ብርድ፣ ሚያዝያም ብርድ። ታዲያ ለብርዱ ምን ይደረጋል፣ የወይባ ጭስ ትሞቃለች፣ በሳሙና ትታጠባለች፣ ሎሚ የሚያደርጉም ነበሩ፣ እግዜር ይይላቸው፣ እና ያ ነገር ከነበረበት ብሶ ቁጭ ይላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ኮልፌ ውስጥ ያላዋለድኩበት ሰፈር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፣ ቢሆንም ይሁን፣ ሠርቼበታለሁ።

እና የምነግርሽ በሽታ ትሪኮሞናስ ይባላል። ብርድ አይደለም። ጥገኛ ተሕዋስ ናት፣ በዓይን አትታይም፣ በማይክሮስኮፕ ግን ጭራዋን እያወራጨች ስትሽከረከር ታያታለሽ። እኔን የላብራቶሪው ሰውዬ ነው ጠርቶ ያሳየኝ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በግንኙነት ነው የምትተላለፈው፣ ከወንድ ወደ ሴት፣ ከሴት ወደ ወንድ። ፈሳሹ ወደ ቢጫ፣ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሽታ አለው። ተንኮሏ ግን ምን መሰለሽ፣ ወንዱ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አታሳይም። ወራት ተቀምጣ፣ አንዳንዴም ዓመት ተቀምጣ፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ታዲያ ሴቷ ብቻዋን ታክማ ብትድን ምን ዋጋ አለው፣ ባሏ መልሶ ይሰጣታል።

አሁን ወደ ጨዋታው ልግባ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ አስኮ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ትዕግስት የምትባል ልጅ ከባሏ ከመስፍን ጋር ተከራይታ ነበር። ትዕግስት ያልኩሽ እውነተኛ ስሟ አይደለም፣ መስፍንም አይደለም፣ ሌላውንም ቀይሬዋለሁ፣ ደግሞ ራሳቸው "ለሌላው ይጠቅማል፣ ያውሩት" ስላሉኝ ነው የማወራው። እሷ የጎጃም ልጅ ናት፣ እዚህ አንድ ዘመድ የላትም። እሱ ከአስኮ ጦር ኃይሎች ሚኒባስ ይነዳል። ሦስት ዓመት በፍቅር ሲኖሩ ነው የማውቃቸው፣ እና አንድ እሑድ ጠዋት ልጅቷ በባዶ እግሯ በሬ ላይ ቆመች።

"እትዬ ዘነበች፣ መስፍን ሊፈታኝ ነው፣ ሽማግሌ ጠርቶ ቤት ተቀምጠዋል፣ ለእኔ የሚቀመጥልኝ ሰው የለም" አለችኝ።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። ብገባ ጋሽ ደምሴ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ሶፋው መሃል ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው አንድ የመስፍን አጎት አለ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ላይ የተዘረጋ ነጭ ዱቄት አለ፣ ሙቀጫው ከነዘነዘናው አጠገቡ እንደ ሌባ ቀርቧል። ጋሽ ደምሴ እኔን ሲያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቃሉን እየረገጡ ነው የሚናገሩት። "ወይዘሮ... ዘነበች... ይህ... ሽምግልና... ነው" አሉኝ፣ ሴት ምን አገባት ለማለት ነው። እኔ ደግሞ እሱ ሁለት ሽማግሌ ከያዘ እሷ አንዲት አሮጊት ብትይዝ ምን ይጎድልብዎታል ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማን ያስነሳኛል!

ታዲያ ክሱ ምን መሰለሽ፣ መስተፋቅር! መስፍን ሽሮው እየመረረው ከርሟል፣ ባለፈው ቅዳሜም ድራፍት ጠጥቶ መጥቶ ራቱን እንደበላ ሆዱን ገለባብጦት ሲያስመልሰው አድሯል። እና ያን ጠዋት ሳታየው ገብቶ ነጩን ዱቄት ስትወቅጥ ያዛት። ምንድነው ሲላት ዝም። ለእኔ ነው ወይ ሲላት ዝም። ከዚያማ ጠንቋይ ቤት ሄዳ ነው፣ ልትገድለኝ ነው ወይም ልታደነዝዘኝ ነው ብሎ ሻንጣውን አወጣ። አጎቱ "ጠበል ይዘነው እንሂድ" ይላል፣ ጋሽ ደምሴ ዱቄቱን በእስክሪብቶ ጫፍ እየገፉ "ይህ... ለፖሊስ... የሚቀርብ... ነው" ይላሉ። ልጅቷ ማዕዘን ላይ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች።

እኔ ምን አደረግኩ፣ ጣቴን ምራቅ አስነካሁና ዱቄቱን ነክቼ ቀመስኩት። ጋሽ ደምሴ ተነስተው ቆሙ፣ አጎትየው አማተበ፣ የምወድቅ መስሏቸው። እኔ ግን ምላሴ ላይ እንዳረፈ አወቅኩት፣ ያ ብረት ብረት የሚል ምሬት፣ ሠላሳ ዓመት እየቆጠርኩ ያደልኩት መድኃኒት! ሜትሮኒዳዞል ነው፣ እናንተው ለአሜባ የምትውጡት። ወዲያው ልናገር አፌን ከፈትኩና የልጅቷን ፊት አየሁ። ዘጋሁት። ጓዳ ይዣት ገባሁና መጋረጃውን ሳብኩ።

እዚያ ነው የነገረችኝ። ዓመት ሙሉ ሲያሳክካት፣ ሲያቃጥላት፣ ብርድ ነው ብላ ወይባ ስትሞቅ ከርማ፣ ሲብስባት ቤቴል አንድ ክሊኒክ ሄደች። መርምረው ትሪኮሞናስ ነው፣ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ትውጪያለሽ፣ ባልሽም መታከም አለበት፣ ይዘሽው ነይ አሏት።

"እንዴት ብዬ ልንገረው እትዬ? የአባላዘር በሽታ ነው ካልኩት ከማን አመጣሽው ብሎ ነው የሚያባርረኝ።"

እና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው! የጠዋቱን ኪኒን ራሷ ትውጣለች፣ የማታውን ወቅጣ እሱ ሽሮ ውስጥ ትጨምራለች። ከራሷ ቀንሳ! ለእሷ የታዘዘውን እንደ ዳቦ ለሁለት ቆርሳው እሷም አልዳነች፣ እሱም አልዳነ። ትንሽ ይሻላታል፣ ወር ሳይሞላ ይመለስባታል፣ ተመልሳ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ታካፍለዋለች። ይሄ ሦስተኛው ዙር ነበር። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ፣ ሁለቱም መጣብኝ። ተቆጣሁ ግን፣ በደንብ ነው የተቆጣኋት። ሰው ሳያውቅ መድኃኒት ማብላት ነውር ነው፣ አንድ ቀን ቢመርዘውስ፣ ደግሞ ከመጠጥ ጋር አይስማማም፣ ቅዳሜ ያስመለሰው እሱ ነው! አልኳት። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት፣ ካልፈቀድሽልኝ አልናገርም፣ ፈታሽም አልፈታሽም ምስጢሩ ያንቺ ነው።

የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ መልሳ ፈታች። "ይንገሩት" አለች በመጨረሻ፣ "ግን ለእሱ ብቻ።"

ወጣሁና ጋሽ ደምሴን ከነ አጎትየው ግቢ ውስጥ ቁሙልኝ አልኳቸው። ሽማግሌ አስወጣሁ፣ ይታይሽ ሄለን! ዱቄቱ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነው፣ መስተፋቅር አይደለም፣ ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን፣ የቀረው የባልና የሚስት ነው አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ "ዳኛ... ያለ... ምስክር..." እያሉ ነው የወጡት። እስከ ዛሬ ምን እንደነበር አያውቁም፣ እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል።

ታዲያ ለመስፍን ሳልሸፋፍን ነገርኩት። እሱም ትዕግስት የፈራችውን ያንኑ ቃል አወጣ፣ "ከማን አመጣሽው?" አላት። እኔ ጣልቃ ገባሁ።

"እሷም አንተን ከማን አመጣኸው ብትልህ ምን ትመልሳለህ? እኔ ጤነኛ ነኝ እንዳትለኝ። የመኪናህ የሞተር ዘይት ማነሱ ከውጭ ይታያል ወይ? ሳይታመሙ ተሸክመውት የሚዞሩ ወንዶች ሞልተዋል። ከጋብቻችሁ በፊት ከማንኛችሁ ጋር እንደነበር እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ፣ ላብራቶሪም አይነግርህ።"

እኔ ቀጠልኩ፣ ልጄ፣ ያጠፋችው ጥፋት አለ፣ ሳትነግርህ ነው ያበላችህ፣ ለዚያ ይቅርታ ትጠይቅሃለች። ግን እስቲ አስበው፣ እየተቃጠለች የራሷን መድኃኒት ግማሹን ለአንተ ስትሰጥ የከረመች ሴት ናት፣ እንዳታጣህ ፈርታ። ይቅርታ አድርግልኝ አለችው እሷም። መስፍን ጋዜጣዋን አጣጠፋት፣ መልሶ ዘረጋት፣ ከዚያ እኔን ሳይሆን እሷን እያየ "ሲያምሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አላት። አየሽ፣ ጥያቄው ተቀየረ!

በማግስቱ ሰኞ ነው፣ ሚኒባሱን አቁሞ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። እኔ ከቦርሳዬ ኪኒን አውጥቼ አልሰጥም፣ ያ ሥራ አይደለም። መስፍን ካርዱን ይዞ ከሴቶቹ መሃል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ላቡ ይወርዳል፣ አንዷ እርጉዝ "ማንን አመጣህ?" ብትለው "ራሴን" አላት። ነርሷ ለየራሳቸው ሙሉ መድኃኒት ሰጠቻቸው፣ የኤች አይ ቪ ምርመራም አደረጉ፣ ደህና ናቸው። መጠጥ ክልክል፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለጥቂት ቀን። ሁለቱም ጨርሰው ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ፣ ቢያንስ ሳምንት፣ አብሮ መተኛት የለም። ውስጥን በሳሙና መታጠብ፣ ወይባ መሞቅ፣ የለም። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ። ነርሷ ስትጨርስ እኔ ደገምኩላቸው፣ ነርሷም "እማማ ሥራዬን ወሰዱብኝ" አለችኝ።

እና ያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ግቢው በር ላይ እቆማለሁ። ዋጥሽ? ዋጥኩ። ለመስፍን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ደወልኩለት፣ የት ነህ ስለው ድራፍት ቤት ነኝ አለኝ፣ ልጮህበት ስል ለካ አምቦ ውሃ ይዞ ነው ከጓደኞቹ ጋር የተቀመጠው። ጓደኞቹ ሲስቁበት "ሐኪም ከልክሎኛል" ብሏቸዋል፣ በድፍረት!

በሦስተኛው ወር ተመርምረው ነጻ ናችሁ ተባሉ። ሻንጣው ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ተመለሰ፣ ይኸው አሁን ሁለት ልጅ ወልደዋል። ብዙ አዋልጃለሁ፣ ብዙ ሰፍቻለሁ፣ እንደዚያ እሑድ ግን በሙያዬ ኮርቼ አላውቅም፣ ለምን ልዋሽሽ።

*(ሄለን ቀረጻውን ከማጥፋቷ በፊት "ግን እትዬ፣ ቆይ፣ ከሁለቱ ያመጣው ማን ነበር?" ስትል ጠየቀች። እትዬ ዘነበች ሳቁ።)*

አንቺም እንደ ጋሽ ደምሴ! ያመጣውን አልጠየቅኩም፣ አላውቅምም። ያስወጣችው ግን ይቺው አጠገብሽ ተቀምጣለች፣ ጻፊው፣ ዘነበች ብለሽ ጻፊ።