ጮቄ እያለ ነፋስ ከአዲስ አበባ

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ቄስና ካርቶን ያቀፈች ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍሽው?»

«የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ነው አባ። ማራገቢያ። ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥቼው ነው።»

«ጮቄ ተራራ ቆሞልሽ ነፋስ ከአዲስ አበባ ታስመጫለሽ?»

«የጮቄ ነፋስ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይገባልኝማ!»

«ምን ቢሠራ ነው እንዲህ የሚግለው?»

«አውሮፕላን እያበረርኩበት ነዋ። የእውነት ሳይሆን በስክሪን። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መርጬ ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት። ምስሉ እንዲያምር ብዬ ትልቁን የምስል ካርድ ገዛሁና ሙቀቱን ረሳሁት።»

«ከዚያስ?»

«ላርፍ ወደ መሬት ስቀርብ ይግልና ድርግም ይላል። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አንዴም አላረፍኩ።»

«እስካሁን አየር ላይ ነሽ በይኛ!»

«ነኝ አባ!»

«በውሃ አታቀዘቅዢውም?»

«በውሃ የሚሠራም አለ። ግን ቢያፈስብኝ ሁሉም ዕቃ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። ይኼን ዛሬውኑ እገጥመዋለሁ።»

«የእኛን አገር፣ ደብረ ኤልያስንስ ከላይ ያሳያል?»

«ተራራውንም ዓባይንም ያሳያል። ይምጡና አብረን እንበራለን።»

«እንግዲያ እግዚአብሔር ያሳርፍሽ!» አሉና ወዲያው ደንገጥ ብለው፣ «አውሮፕላንሽን ማለቴ ነው!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ካርቶኑን እንዳቀፈች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አሜን አባ፣ ገብቶኛል!»

እኔ ማርቆስ እስክንገባ ድረስ በመስኮቱ ሰማዩን ሳይ ነበር።