በገመዱ ጫፍ የቆሙት እትዬ ፀዳል

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከካርቲየ 2 ሰፈር የመጣችሁ ጎረቤቶች፣ መኪናችሁን ዶራሌ ወደብ አቁማችሁ የደረሳችሁ ሾፌሮች፣ ወይዘሮ መሪማ ከነቤተሰብዎ፣ በዚህ በሰው አገር ፀሐይ እትዬ ፀዳልን ልትሸኙ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስሜ መነን ነው። እናቴ ካርቲየ 2 ለሾፌሮች ምሳ ትሸጣለች። ብዙዎቻችሁ በደንብ አታውቁኝም። ሰሃኑን አስቀምጬ ቶሎ ወደ ጓዳ ስለምገባ ነው። እዚህ መቆም የነበረበት የተማረ ሰው ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ። ነገር ግን እትዬ ፀዳል ራሳቸው "አንቺ ትናገሪያለሽ" ብለውኛል። ለምን እንዳሉኝ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

እትዬ ፀዳልን የማያውቅ ማን አለ? የትራንዚት ቢሮውን ስልክ የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ። ዕቃው ወደብ ላይ የቆመበት ሾፌር ሲጮህባቸው፣ "አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ፤ ከዚያ ትጮሃለህ" የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ ይታገሱም እዚያው ቢሮ የጉምሩክ ወረቀት ያስጨርሱ ነበር። አብረው ወጥተው አብረው ይገባሉ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኔ ግን የማውቃቸው በገመዱ ጫፍ ላይ ነው።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ባለችው ዓርብ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ ገና በማለዳ፣ ከባልባላ ሰፈር በታች ባለው አሸዋ ሜዳ ላይ የስፖርት ቀን አለን። የጀመሩት እትዬ ፀዳል ናቸው። ድሬዳዋ ሃይስኩል ሲማሩ እንዲህ ያለ ቀን ነበራቸው። ሩጫ፣ የጆንያ ዝላይ፣ መጨረሻ ላይ ገመድ ጉተታ። "እኔ ከዚያ ቀን ሌላ ከሃይስኩል የማስታውሰው የለም፤ ሂሳቡም ጠፍቶብኛል" ይሉ ነበር። ገመዱ የሾፌሩ የጋሽ መርሻ ነው። የተሳቢያቸው ሸራ የሚታሰርበት ወፍራም ገመድ። አንደኛው ወገን የካርቲየ 2 ሰዎች፣ ሌላው የዶራሌ ሾፌሮች።

በመጀመሪያው ዓመት እኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጀርባ ተደብቄያለሁ። ጋሽ መርሻ አዩኝና፣

"ይቺ ክር የምታክል ልጅ የማን ወገን ናት?" አሉ።

"የእኛ ናት" አሉ እትዬ ፀዳል።

"ምን ልትሠራላችሁ? ገመዱ ራሱ ይዟት ይሄዳል እኮ!"

"ትጠራለች።"

"እሷ? አፍ አላት እንዴ? ይኸው ከእናቷ ቤት ስንት ጊዜ በላሁ፣ አንድ ቀን ድምፅዋን አልሰማሁም!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አሸዋው ውስጥ መግባት ነበር ያማረኝ። እትዬ ፀዳል ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ "መነንዬ፣ ንግግር አድርጊ አላልኩሽም። አንድ ቃል ብቻ ነው። 'ሳቡ' በይ። ለእኔ ብቻ በይው፤ እሰማሻለሁ" አሉኝ። ከዚያ ሄደው የገመዱ ጫፍ ላይ ቆሙ። ገመዱን በወገባቸው አዞሩት።

ወይዘሮ መሪማ ከዶራሌ ወገን ነበሩ። "ሾፌሮቹ ደንበኞቼ ናቸው" ብለው ነው። እትዬ ፀዳልን አይተው ጮኹ።

"ኧረ ዳኛ የለም ወይ! እነዚህ ሰዎች መልሕቅ ጥለዋል!"

"ቅናት ነው፣ መሪማ! ይቺን ወገብ ለማምጣት ስንት ዓመት በልቻለሁ መሰለሽ!"

"ዛሬ ዓርብ ነው! በጾም ቀን ይዤሻለሁ፤ ሽሮ ጉልበት አይሆንሽም!"

ወይዘሮ መሪማ፣ ያስታውሳሉ? አዎ፣ ያስታውሳሉ።

እኔ "ሳቡ" አልኩ። ማንም አልሰማም። ከፊት የቆሙት እንኳ አልሰሙም። ከጫፉ ግን አንድ ድምፅ መጣ። "ጠርታለች! ሳቡ!" ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም የሳበው። በሁለተኛው ጊዜ ጮክ አልኩ። በሦስተኛው ራሴም ደነገጥኩ። ያን ቀን አሸነፍን። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ጠዋት ድምፅ አለኝ።

እኔ ሃይስኩል አልገባሁም። ሃይስኩልን የማውቀው በዚያች ጠዋት ወሬ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ትልልቆቹ አሸዋው ላይ ይቀመጣሉ። "የእኛ ክፍል ሰማያዊ ነበር የሚለብሰው።" "ዝም በል፣ እናንተ መቼ አሸንፋችሁ ታውቃላችሁ!" ጋሽ ይታገሱ በቢሮ ሱሪያቸው መቶ ሜትር የሮጡበትን ዓመት ያየ አለ? አዎ፤ ሱሪው የተቀደደበት ዓመት። ዝምተኛው ጋሽ ይታገሱ ቀዳዳውን በእጃቸው ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በዚያች ጠዋት የቤት ኪራይ የለም። የመብራት ቢል የለም። ከአገር ቤት "ላኩልን" የሚል ስልክ የለም። ዐሥረኛ ቢና ዐሥረኛ ሲ ብቻ አሉ።

እትዬ ፀዳል ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ታሪክ ያወሩ ነበር። ዐሥረኛ ክፍል ሆነው ለዋንጫ ደረሱ። ያኔም ጫፉ ላይ የቆሙት እሳቸው ነበሩ። መሃል ላይ ቀኝ እግራቸው ሸርተት አለ። ማንም አላየም። "ብናገር ያፍሩብኛል" ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ የክፍሉ ልጅ በሙሉ በአፍጢሙ ተደፋ። የስፖርት አስተማሪያቸው መጡና፣ "ፀዳል፣ መውደቅሽ አላናደደኝም። እግርሽ ሲከዳሽ ለምን አልጮህሽም? ብትጮሂ ይይዙልሽ ነበር" አሏቸው።

በእኛ ሜዳ ላይ ያለው ሕግ የመጣው ከዚያ ነው። የተንሸራተተ ሰው "እግሬ!" ይላል። ያኔ መሳብ የለም። ሁሉም ባለበት ቆሞ "ያዝን!" ይላል። ሰውየው እግሩን እስኪተክል ድረስ መያዝ ነው። እግሬ ያለ ሰው አይሳቅበትም፤ ይህን ጋሽ መርሻ እንኳ አይጥሱም።

ይህን ሕግ ያወጡት እትዬ ፀዳል ናቸው።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። ቢሮው ሠራተኛ ቀንሶ ነበር። እትዬ ፀዳል ወጥተዋል። የጋሽ ይታገሱ ደመወዝ አንሷል። መሃል ከተማ ከነበረው ቤት ለቀው ከተማው ዳር ዋራበሌ ገቡ። "ምነው?" ሲሏቸው "ነፋስ ፍለጋ ነዋ! ዋራበሌ ነፋስ አለ" ይላሉ። እኛም አመንን። ለስፖርት ቀን ካናቴራ መግዛት አልተቻለም ነበርና፣ "የወገብ መታጠቂያ ሰፍቻለሁ፤ መጥተሽ ውሰጂ" አሉኝ። ሄድኩ።

መታጠቂያው ቀይ ነው። ጨርቁን ሳየው አወቅሁት። የሳሎናቸው መጋረጃ ነው። ቀና ስል መስኮቱ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ክሊሙ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የነበረበት ቦታ ቀለሙ ነጥቶ ቀርቷል። ምንም አልጠየቅሁም። ዓይኔ ግን ጠይቆ ነበር መሰለኝ፣

"እሱ ይጮሃል" አሉ። "ሌሊቱን ሙሉ እንደ መርሻ መኪና! እንቅልፍ ነሳን፣ ሰጠነው።"

ፍሪጁም የለም። ፍሪጁስ ምን ብሎ ጮኸ? ይህን በልቤ ነው ያልኩት። እትዬ ፀዳል እየሳቁ መታጠቂያዎቹን አጣጥፈው ሰጡኝ። ስወጣ ከመንገድ ላይ ዞሬ አየሁ። ቤቱ መጋረጃ ስለሌለው ውስጡ ድረስ ይታያል። ቤቱ ራሱ "እግሬ" እያለ ነበር። እሳቸው ግን አላሉም።

እትዬ ፀዳል፣ ለምን አልጮሁም? እኛን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም? ጎንዎን ሲያምዎ "የልጄ የስርጉት የትምህርት ቤት ክፍያ ይለፍና እታያለሁ" አሉ። ክፍያው አለፈ። ከዚያ ኪራይ መጣ። "እሱ ይለፍና" አሉ። እሱም አለፈ። ሕመሙ ግን አላለፈም።

እሳቸው ብቻ ናቸው ወይ ዝም ያሉት? እኔ ሰሃን ሳነሣ የሰው ወሬ እሰማለሁ። ኪራይ ሲያልፍብን "ነገ ባንክ እሄዳለሁ" እንላለን። መብራት ሲቆረጥ "ፊውዝ ነው" እንላለን። ልጅ ለክፍያ ከትምህርት ቤት ሲመለስ "አሞት ነው" እንላለን። ሸሚዛችን ተተኩሷል። ጫማችን ተወልውሏል። እግራችን ግን እየሸሸ ነው፤ ጥርሳችንን ነክሰን ቆመናል።

ከትናንት ወዲያ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሾርባ ይዤላቸው። አልጠጡም። እጄን ያዙና፣

"መነንዬ፣ ይታገሱ አይናገርም" አሉኝ። "ሰው ፊት ቸገረኝ ከሚል ቢሞት ይሻለዋል። ስርጉትን ከትምህርት ቤቷ፣ ከሊሴው፣ አስወጥቶ ድሬዳዋ እህቱ ጋ ሊልካት ነው። ሰኔ ላይ እኮ ትጨርሳለች። እኔም ሳልናገር ቀረሁ። አንቺ ጠሪ ነሽ፤ ጥሪልኝ።"

"እኔ አልችልም፣ እትዬ። ሰው ፊት አልችልም።"

"አንድ ቃል ብቻ ነው።"

"ያኔ እርስዎ አይሰሙኝማ።"

"እሰማሻለሁ" አሉኝ። "ደግሞ እርስዎ፣ እርስዎ አትበይኝ። አንቺ በይኝ፤ አስረጀሽኝ።"

በማግሥቱ ዐረፉ።

ጋሽ ይታገሱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊትዎን ወደ መሬት እንዳደረጉ አያለሁ። ላዋርድዎ ፈልጌ አይደለም። ቃል ገብቼ ነው። እንኳን እርስዎ፣ ሜዳው ላይ እግሬ ያላለ ማን አለ?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የምለምናችሁ ለዘለዓለም አይደለም። ስርጉት ሊሴውን እስክትጨርስ ነው። ቤቱ እስከ ሰኔ እንዲቆይ ነው። ማን ምን እንደሚችል እኔ አላውቅም። እናቴ "የስርጉት ምሳ ከእኛ ቤት ነው፤ ይታገሱም ማታ ማታ ይምጣ" ብላለች። እኛ የምንችለው ይህን ነው። ከዚህ በታች ወረቀቴ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ምን እንደምትመልሱልኝ ስለማላውቅ ነው።

በእትዬ ፀዳል ስም፣ በቤታቸው ስም እጠራለሁ።

እግሬ!

…

ሰማሁ። ወይዘሮ መሪማ፣ መጀመሪያ የሰማሁት የእርስዎን ነው። ጋሽ መርሻ፣ ሰማሁዎት። ከኋላ ያላችሁ ሾፌሮችም ሰማኋችሁ፤ ወደቡ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ስርጉት፣ አታልቅሺ፤ ሰምተሻል አይደል? "ያዝን" ብለዋል። ጋሽ ይታገሱ፣ እርስዎም ቀና ይበሉ። በሕጉ መሠረት አሁን ማንም አይስቅም። እግርዎን እስኪተክሉ ድረስ መያዝ ብቻ ነው።

አሁን ልንሰናበት ነው። ጋሽ መርሻ ገመዱን ከተሳቢያቸው ፈትተው አምጥተውታል። ከሳጥኑ ሥር ያለፈው ያው የእኛ ገመድ ነው። የዚያ ሁሉ ዓርብ ገመድ ነው። ጋሽ ይታገሱ፣ ጫፉን እርስዎ ይያዙ። አይፍሩ፣ ከኋላዎ ሰው አለ።

ዛሬ ሳቡ አልልም።

እትዬ ፀዳል፣ በሕይወት እያሉ አፍሬ ያላልኩትን ልበል። ፀዳልዬ፣ አንቺ። ይኸው ጠራሁልሽ። እንዳልሽውም አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሲመልሱልሽ ሰምተሻል። ከእንግዲህ ጫፉ ላይ አትቆሚም። ገመዱን ከወገብሽ ፍቺው። ልጅሽን ይዘናል፣ ባልሽን ይዘናል። እግርሽን አሳርፊ። በሰላም ሂጂ፣ የእኔ እናት።

አባቶቼ፣ ተዘጋጃችሁ? አጥብቃችሁ ያዙ።

ቀስ…

ቀስ…

አሁን፣ ቀስ እያላችሁ ልቀቁላት።