የጋሼ ልኬ ንጹሕ ካርድ

ሰው ሱሪ ሊያስተካክል ሄዶ ስለ ሕዝብ ጤና ሲሟገት ያረፍዳል ብትሉኝ አላምንም ነበር። እኔን ግን የገጠመኝ ይኸው ነው። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ሕሊናዬ ስለከለከለኝ ጽፌዋለሁ።

ለማሳጠር የሰጠሁት ሱሪ የግራ እግሩ ከቀኙ በሁለት ጣት አጥሮ ተመለሰልኝ። ለብሼው መስታወት ፊት ስቆም አንድ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ልብስ ሰፊውን ሳይሆን የገዛ እግሬን ነበር፤ ምክንያቱም የሰፉት ጋሼ ልኬ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። አንድ ጊዜ ከለኩ ሁለተኛ አይለኩም፤ አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት የስፌት መኪና ሙሽራውንም ሐዘንተኛውንም ሲያለብሱ፣ ተሳሳቱ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከማስተማር በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ እግሬ አጥሮ ይሆናል ብዬ ማመን ይቀለኝ ነበር።

ረፋድ ላይ ሱሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የስፌት መኪናው፣ ጠርዙ በመቀስ የተቧጨረ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በሚስማር የተንጠለጠሉ የካርቶን ንድፎች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ካላንደሮች አንዱ በሌላው ላይ ተሰቅለዋል። ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ የእህታቸው ልጅ ተቀምጣለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አሳድገው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እኔም በተማሪነቷ አውቃታለሁ። ዛሬ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ጉልበቷ ላይ የመመዝገቢያ ቅጽ ይዛለች፤ ፊቷ ቀልቷል። ጋሼ ልኬ ከመኪናቸው ኋላ አንገታቸውን ወደ ጎን ጠምዝዘው ተቀምጠዋል። መኳረፋቸውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አላስፈለገኝም።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት!» አለች ብድግ ብላ። «እባክዎ ይፍረዱን።»

«እኔም ለራሴ ፍርድ ፈልጌ ነበር የመጣሁት፤ የእናንተ ይቅደም» አልኩና ጥቅሌን ከጉያዬ ሳላወጣ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት የሕዝቡን ሕክምና ከአንድ የጋራ ቋት ሊሸፍን ወስኗል። ገቢ ያለው እንደ ገቢው ያዋጣል፤ የሌለውን ቋቱ ይችለዋል፤ የታመመ ሁሉ በሕዝብ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማል። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ልጅቷ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር መዝግባ ጨርሳ፣ ያሳደጓት አጎቷ ዘንድ ስትደርስ ግን በሩ ተዘጋባት።

«እኔ ካርድ አለኝ» አሉ ጋሼ ልኬ። ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አውጥተው እንደ ሜዳሊያ አሳዩኝ። «የግል የጤና ኢንሹራንስ! አሥራ ሁለት ዓመት ከፍያለሁ፤ አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም። ንጹሕ ነው፣ ጭረት የለውም። ያልተጠቀመ ሰው በየዓመቱ ክፍያው ይቀነስለታል። ከነምስጋናው ካላንደር ይልኩልኛል፤ ያውና ግድግዳው ላይ።»

«አጎቴ፣ ጃንጥላዬ እንዳይረጥብብኝ ብሎ ዝናብ ሲመጣ የሚያጥፈውን ሰው መሰሉ እኮ» አለች።

«ዝናቡ አልመጣም!» አሉ ፈጠን ብለው። እንዲያ ፈጠን ማለታቸውን ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ ጠመኔያቸውን አንሥተው ወደ እሷ ዞሩ። «ስሚኝ ልጄ፣ በሙያዬ ልንገርሽ። ልብስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በልክ ይሰፋል፣ አንዱ ተከምሮ ይሸጣል። የእኔ ኢንሹራንስ በልኬ የተሰፋ ነው፤ የፈለግኩትን ሐኪም እመርጣለሁ፣ የፈለግኩት ቀን እሄዳለሁ። የእናንተ ግን ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው፤ ወፍራሙን ያፍነዋል፣ ቀጭኑ ላይ ይንዘላዘላል።»

«እውነትዎን ነው። ግን የለኩዎት የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በነበረዎት ወገብ ነው። ሰው ይወፍራል፣ ይጎብጣል። ጎብጠው ሲመጡ ‹ውላችን ከቀጥ ያለ ሰው ጋር ነበር› ቢሉዎትስ?»

«አይሉም!»

«ውሉን አንብበውታል?»

ጋሼ ልኬ ጥያቄውን ዘለሉና ወሬውን በሌላ በር አስገቡት። «ጤና ጣቢያሽን አይቼዋለሁ እኮ! ጠዋት የገባ ሰው ስሙ እስኪጠራ የገዛ ስሙን ይረሳል። የባለቤቴን ወንድም ደግሞ የግል ሆስፒታል ተኝቶ ጠይቄዋለሁ። አንሶላው ነጭ፤ ሐኪሙ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቹ ያጫውተዋል፤ በገባ በሁለተኛው ቀን ቀዶ ሕክምናው አለቀለት። ይኼንን ልትክጂኝ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ለመካድ ይሞክር ነበር። ይህችን ልጅ ከሁሉ ይበልጥ የወደድኳት እዚህ ላይ ነው።

«አልክድም» አለች። «ወረፋ አለብን፤ ለአንዳንድ ሕክምና ወራት ይጠበቃል። አልጋው አይበቃም፤ መድኃኒት የሚያልቅበት ቀን አለ። እኔም ደክሞኝ በሽተኛ ላይ ፊቴን አጨማድጄ አውቃለሁ። የግሉ ፈጣን ነው፣ አንሶላውም ነጭ ነው። ግን እኛ ቤት ሰው የሚቀድመው በኪሱ ሳይሆን በሕመሙ ነው። ደግሞ ድምፁ የሚሰማለት ሰው ሁሉ በግል በር ከወጣ፣ ስለ እኛ አልጋ ማነስ ማን ይጮኻል?»

«ይሁን። እና የሰካራሙን ጉበት የማሳክመው እኔ ነኝ?»

«ዛሬም እያሳከሙት ነው! ካርድ ከያዙት መካከል ሰካራም የለም እንዴ? ኢንሹራንስም መዋጮ ነው፣ አጎቴ። ልዩነቱ በሩ ላይ ማን ገብቶ ማን እንደሚቀር የሚመርጥ ዘበኛ መቆሙ ነው። አባቶቻችን እኮ ሲተርቱ...»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ልትዪኝ ነው! ስለ ክር እንኳ እኔን አታስተምሪኝም።»

«ኧረ እኔስ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ልል ነበር።»

ሳቅን፤ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ፤ ቅጹን ግን በክርናቸው ገፋ አደረጉት። በማስተማር ዘመኔ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ሰው ከማይወደው ጋር ሲከራከር ለማሸነፍ ነው፤ ከሚወደው ጋር ሙጭጭ ብሎ ሲከራከር ግን ብዙ ጊዜ የሚፈራው ነገር አለ። ጋሼ ልኬ የሚፈሩትን ለማወቅ ብዙ አልቆየንም።

የኋላው መጋረጃ ተገለጠና ባለቤታቸው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ገቡ። እኛን አላዩንም። «ዛሬ ሃያውን ብቻ ነው ክር ያስገባሁልህ፤ ዓይኔ ደከመብኝ። ጥቁሩ በግራ በኩል ነው፣ ሰማያዊው በቀኝ። እንደ ባለፈው እንዳትሳሳት» አሉ። ቀና ሲሉ አዩን፤ ቆርቆሮውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ውስጡ ስፖንጅ ላይ ክር የገባላቸው መርፌዎች በሰልፍ ተሰክተዋል።

ነርሷ ቆርቆሮውን አየች፣ አጎቷን አየች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?» አሉ ጋሼ ልኬ።

«ሁለት ዓመት» አሉ ባለቤታቸው። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኝ ነው።»

እኔ የሱሪዬን ጥቅል ከጉያዬ አውርጄ ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ አግዳሚው ሥር ገፋሁት። ልጅቷ አጎቷን እጃቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አመጣቻቸው። ወደ ፊት እንዲመለከቱ ነግራ ከግራ ጎናቸው ሦስት ጣት ዘረጋች።

«ስንት ነው?»

«ምኑ ስንት ነው?» አሉ፤ ጣቶቿን አላዩዋቸውም።

«ቀኙ የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይነሣል» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ግራው ግን ሌላ ነው። የዓይን ግፊት ይመስለኛል፤ እሱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «አጎቴ፣ ለምን አልነገሩኝም? እኔ እኮ ነርስ ነኝ!»

«ነርስ ስለሆንሽ ነዋ! ነርስ ይጽፋል። ከተጻፈ ካርዱ ይቆሽሻል፣ ክፍያው ይጨምራል፤ ቆይተው ያባርሩኛል። እኔ ካርዱን ለክፉ ቀን ነው የማስቀምጠው።»

«ከዚህ የባሰ ክፉ ቀን የት ነው ያለው፣ አንተ ሰውዬ?» አሉ ባለቤታቸው። ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ እንባቸው ነበር የመጣው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ተረቱ የተተረተው አፍሮ ለሚደብቅ ሰው ይመስለኛል። ሊያሳክመው ለተገዛ ወረቀት ሲል ሕመሙን የሚደብቅ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ ተራች መቼም አይኖርም። ስቀን እንዳናልፈው ደግሞ፣ ልብስ ሰፊ ዓይኑን ካጣ ምን ይቀረዋል? 

ልጅቷ እጇን ዘረጋችላቸው። «እንግዲያው ይውጣ ካርዱ! እኔ የካርድ ጠላት አይደለሁም። አሁኑኑ በእሱ እንሂድ፤ የሚቀድመው ዓይንዎ ነው።»

ባለቤታቸው ውሉን ከመሳቢያ አወጡ፤ ማንበቡ ለእኔ ደረሰ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ከሁሉ ባነሰ ፊደል፣ ምልክቱ በታየ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያልተነገረ ሕመም፣ ውሉ ከመታደሱ በፊት የጀመረ ሕመምም፣ አይሸፈንም ይላል። ከታመሙ ወዲህ ውሉ ሁለት ጊዜ ታድሷል። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት።

«ምን ማለት ነው፣ መምህር?» አሉኝ ጋሼ ልኬ።

«በዚያው ወር ተናግረው ቢሆን ያሳክምዎት ነበር ማለት ነው። አሁን አያሳክምዎትም።»

«እኔ እኮ ያልተናገርኩት ለእሱው ብዬ ነው!»

እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማሁት ሳያጠፋ ከተቀጣ ተማሪ ብቻ ነው። ልጅቷ «አላልኩዎትም?» ብትል ይገባት ነበር፤ አላለችም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«ሌቦች አይደሉም፣ አጎቴ፤ ነጋዴዎች ናቸው። ነጋዴ የሚኖረው ሲያተርፍ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛውን ያቅፋል፣ በሽተኛውን ይሸሻል። በእኔ ቅጽ ላይም ‹ሕመሙ መቼ ጀመረ?› የሚል ጥያቄ አለ። እኛ የምንጠይቀው ግን ለማከም ነው፣ ለማባረር አይደለም።»

ውጭ አንድ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ሰው አራግፎ ሄደ። ጋሼ ልኬ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የት ጋ ነው የሚፈረመው?» አሉ።

ቅጹ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ መስመሩ ግን አልታያቸውም። ልጅቷ ጣታቸውን ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችላቸው። ፊርማቸው መስመሩን ለቅቆ ወደ ታች ወረደ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። ወረፋው እንደተባለው ረጅም ነው፤ አንሶላውም ያን ያህል ነጭ አልነበረም። ከጎናችን ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ የተጋረዱ ልብስ አጣቢ ሴት ተቀምጠዋል። ካርድ የሚባል ነገር በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። ጋሼ ልኬ ሲያዋሯቸው ቆዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«መምህር፣ ካርድ ያለኝ እኔም፣ ካርድ የሌላቸው እሳቸውም፣ እኩል ስንታወር ኖረናል እኮ።»

ለግራ ዓይናቸው በዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ከፊታቸው የነበሩት ሁሉ ሕመሙ እንደማይጠብቅ ሲነገራቸው አሳለፏቸው። ለቀኙ ሰባት ሳምንት ጠበቁ፤ ሰባቱንም ሳምንት አጉረመረሙ። ቀኙ ዳነ። ግራው አልዳነም። ሐኪሟ «የዛሬ ሁለት ዓመት ቢመጡ ሁለቱም ይተርፉ ነበር» አለቻቸው።

አሁን ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ሱቃቸው የገባ ሰውም ሳይመከር አይወጣም። «ሰው ሕመሙ ሲጀምረው ሳይፈራ ይናገር» ይላሉ። «በጊዜ የተነገረ ሕመም ለሐኪሙም ይቀላል፣ ለቋቱም ይቀላል። በዚህኛው አረጀህ፣ ሥራ ለቀቅህ ተብሎ የሚባረር የለም። ወረፋው ሲረዝም ደግሞ ለምን ረዘመ ብሎ የሚጠይቅ ሰፈር ሙሉ ሰው አለ፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አቤቱታ ጽፌያለሁ። ተርፎት የግል ኢንሹራንስ የሚጨምር ይጨምር፤ ኮት መደረብ ያማረው ይደርብ። ሸሚዝ ግን ማንም ሳይለብስ አይውጣ።»

ባለፈው ሳምንት እዚያው ተቀምጬ ሳለ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ሰሞኑን ደረቱን ይወጋዋል። ካርድ አለው፤ ዓመቱን ሳይጠቀምበት ከጨረሰ ቅናሽ ስላለው፣ «ዓመቱ ይለቅና እታያለሁ» አለ።

ጋሼ ልኬ መቀሳቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ፊት ለፊቱ ቆመው ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?» አላቸው።

«ካርዴን ንጹሕ ባቆየሁበት ዓይን እያየሁህ ነው።»

«እሺ?»

«የለህም።»

ሰውዬው የያዘውን ማበጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ሊታከም ሄደ።