የአቮካዶው ሞተር

ከይርጋለም ወጣ ብሎ ባለ ወፍጮ ቤት፤ ሞተረኛው ላታሞ፣ ሆስፒታል ከርሞ ያስታመማትን እናቱን ቀብሮ ወደ ሥራ በተመለሰበት ጠዋት፣ ከወፍጮው ባለቤት ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር።

ላታሞ፦ አልፈታም! ሌላ ሰው ይጥሩ። እኔ ይህን ሞተር ለቁራሌ አልፈታም።

ዘርፌ፦ ብረት ገዢዎች ናቸው እንጂ ቁራሌ አይደሉም። ዛሬ ይወስዱታል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ላታሞ፦ እኔ ለቅሶ ተቀምጬ? ሳይጠይቁኝ?

ዘርፌ፦ የእናትህ አፈር ሳይደርቅ «ሞተሩ ሞተ» ብዬ ልምጣብህ?

ላታሞ፦ አልሞተም! ናፍጣ ጠፍቶ ያገሩ ወፍጮ ሁሉ ሲዘጋ የእኛ ብቻ አልነበረም የሚፈጨው? በምን? ጁስ ቤት በሚጥለው የበሰበሰ አቮካዶ!

ዘርፌ፦ ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ግቢዬን ዝንብ ወርሮት፣ ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ እያለፈኝ፣ ያንን ግም አቮካዶ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ የከረምኩት እኔ አይደለሁ?

ላታሞ፦ ዘይቱ ሲጨመቅ እልል ያሉትም እርስዎ ነዎት።

ዘርፌ፦ አልኩ። አሁን ምን ዋጋ አለው?

ላታሞ፦ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የለመንኩት። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ወደ ናፍጣ ይመለስ፤ ለዚሁ የቆጠብናት ጥቂት ናፍጣ ውስጡን ትጠበው። ዘይቱ እዚያው ከተኛ ሙጫ ነው የሚሆነው አላልኩም?

ዘርፌ፦ ብለሃል።

ላታሞ፦ ታዲያ ማን ነው በዘይቱ እንዳለ ቀጥ ያደረገው?

ዘርፌ፦ አርጅቷል እኮ ላታሞ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ሲገዛውም አሮጌ ነበር።

ላታሞ፦ ምን እርጅና! ከፍቼ አየሁት እኮ፤ የነዳጅ ፖምፓው በሙጫ ተለስኗል። እኔን የተካው የወንድምዎ ልጅ ነው አይደል? አንቀዋለሁ!

ዘርፌ፦ እሱን ተወው፤ ገበያ ሄዶ ነበር። ሐዋሳ ድረስ አስጠይቄያለሁ። የዚህ ሞተር ፖምፓ ድሮ ቀርቷል አሉኝ። በቃኝ ልጄ፣ ደከመኝ።

ላታሞ፦ እርስዎን በቃዎት። እኔስ? ከዚህ ሞተር ሌላ ምን አውቃለሁ? ያጠፋውን ሰው ሳላውቅ አንድ ብሎን አልነካም።

ዘርፌ፦ ማወቁ ምን ያደርግልሃል?

ላታሞ፦ ዕድሜ ልኬን ልርገመዋ!

ዘርፌ፦ እንግዲያው እርገመኝ። እኔ ነኝ።

ላታሞ፦ እርስዎ? እያወቁ?

ዘርፌ፦ እያወቅሁ። ሬሳ ሲያልፍ ወፍጮ ይቆማል፤ ደንባችን ነው። ሌላ ጊዜ አስቀድሞ ይነገረኛል፣ በጊዜ ወደ ናፍጣ እመልሰዋለሁ። የዚያን ቀን የነገረኝ የለም። ብቅ ስል ቃሬዛው ከወፍጮ ቤቱ በር ደርሷል።

ላታሞ፦ ትንሽ ቢታገሡስ? ኧረ እትዬ ዘርፌ! የማን ሬሳ ቢሆን ነው እንጀራችንን የሚያሳጣን?

ዘርፌ፦ የእናትህ ነዋ።

ላታሞ፦ ምን?

ዘርፌ፦ መሞቷን እንኳ አልሰማሁም ነበር። መኪናው ዳገቱን አልወጣ ብሎ ከአስፋልቱ ጀምራችሁ ተሸክማችኋት ስትመጡ፣ ከፊት አንተን አየሁህ። ሞተር እያስጮህኩ ላሳልፋት?

ላታሞ፦ …ለካ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ነው። እዚህ በር ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ስሟን እየጠሩ ሲያለቅሱላት ሰማሁ። እስከዚያ ምንም አይሰማኝም ነበር።

ዘርፌ፦ ይቅር በለኝ ልጄ።

ላታሞ፦ የብረት ገዢዎቹ መኪና ሲመጣ በጓሮ በኩል ይግባ ይበሏቸው። እኔው እፈታዋለሁ።