ያልደረሰው አምስተኛ ክፍል

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ መሪጌታ ንዋይ ካሳ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የመጋዘን ጥበቃ
አድራሻ፦ ዱባይ፣ አል ቁሰይስ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ዓጅማን፣ ኦገስት 9 ቀን 2020
አስተርጓሚ፦ ሰኪና ጣሃ
ጉዳዩ፦ የወ/ሪት ዓይናለም ፋንቱ አሟሟት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሟች ዓይናለም ፋንቱ የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አደራዋን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሟች በዱባይ ማሪና በሰው ቤት ትሠራ የነበረ ሲሆን፣ ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ማዳሟ ስላሰናበተቻት ዓጅማን ውስጥ ተጠርጣሪው አንዳርጌ አበበ ለሴቶች አልጋ በአልጋ በሚያከራየው ቤት፣ ቢድ ስፔስ በሚባለው፣ ገባች።

ኤፕሪል 11 ቀን 2020 ከሰዓት በኋላ በሥራ ላይ እያለሁ፣ ሟች በቴሌግራም እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ አንዳርጌ የታመሙትን ሰገነት ላይ ካለው ዕቃ ቤት እያስገባ ይቆልፍባቸዋል። በቪዲዮ ቀርጬዋለሁ። ኔቱ ደካማ ስለሆነ አምስት ቦታ ቆርጬ እልክልዎታለሁ፤ አምስቱም ካልተሟሉ አይከፈትልዎትም።» አራቱ ደረሱኝ። አምስተኛው አልደረሰኝም። ደጋግሜ ብደውልም ስልኳ ዝግ ነበር። በእገዳው ምክንያት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አግኝቼ ዓጅማን የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ሲሆን፣ አስከሬኗ ከዚያው ዕቃ ቤት ተነሥቶ ነበር። ተጠርጣሪው «ትኩሳት ሲይዛት ሌሎቹን እንዳላስይዝ ብላ ራሷ ከውስጥ ቆልፋ ተቀመጠች፤ ስልኳን አላየሁም» የሚል ቃል በመስጠቱ፣ ሞቷ የበሽታ ሞት ተብሎ ተመዘገበ።

አራቱን ቁራጮች በስልኬ ፋይል ማናጀር ውስጥ አንድ ቦታ ሰበሰብኳቸው። ሲወርዱ ስማቸው ተዘበራርቆ ስለነበር፣ ቁጥር የምጽፈው በአባቶቼ ፊደል ነውና በመጡበት ቅደም ተከተል መጨረሻቸው ላይ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ብዬ ስማቸውን ቀየርኩ። አልተከፈተም። አብሮኝ የሚኖረው የጥበቃ ባልደረባዬ ፀጋአብ አይቶ፣ «መሪጌታ፣ ዋላሂ ይሄ ስልክ ቅኔ ቤት አልገባም! 001 ብለው ይጻፉለት» ሲል ቀለደብኝ። እንዳለው ባደርግም «የመጨረሻው ክፍል የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በመሆኑም በውስጡ ያለውን እኔም እስከ ዛሬ አላየሁም።

ተጠርጣሪውን ይቅር የማለት ሐሳብ አልነበረኝም። ይህ ሰው ሻርጃ ለለቅሶ በተቀመጥንበት ዕለት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጦ አልቅሷል። የዚያን ዕንባውን ዋጋ እስኪከፍል ድረስ ላላርፍ ወሰንኩ። በጁላይ ወር አንድ ዓርብ ቀን የመጀመሪያውን ቁራጭ ስሙን «ዓይናለም ፩» ብዬ ቀይሬ ላክሁለት። «መሪጌታ፣ ይሄ ምንድን ነው? አይከፈትም እኮ» ሲል ጻፈልኝ። «አምስት ነው፤ ሲሟላ ይከፈታል» ብዬ መለስኩ። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ አንድ አንድ ላክሁለት። በዚህ ሁሉ አንዲትም ሐሰት ከአፌ አልወጣችም።

ሁለተኛው በደረሰው ሳምንት ይደውል ጀመር፤ አላነሳሁም። ሦስተኛው ሲደርሰው የአገራችን ሰው የሆኑትን አቶ እያሱን ለሽምግልና ላከብኝ። አቶ እያሱ ሻርጃ አግኝተውኝ፣ «ሰውየው እንቅልፍ አጥቷል፣ እህል አይቀምስም፤ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይተዉት» አሉኝ። እኔም «በሦስቱ እንቅልፍ ካጣ በአምስቱ ምን ሊሆን ነው?» ብዬ አሰናበትኳቸው። በቀጣዩ ዓርብ አራተኛውን ላክሁ።

ኦገስት 7 ቀን፣ አምስተኛውን በሚጠብቅበት ዓርብ፣ ምንም አልላክሁም። ከቀትር በኋላ ተጠርጣሪው እያለቀሰ የሚከተለውን የድምፅ መልእክት ላከልኝ፦ «መሪጌታ፣ ኸላስ፣ በቃኝ! አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ስልኳን ስቀማትና በሩን ስቆልፍባት አምስተኛው ላይ ይታያል? ስታንኳኳ ይሰማል?» ሟች ቪዲዮውን የቀረጸችው በሩ እርሷ ላይ ከመቆለፉ በፊት መሆኑን ፍርሃቱ አስረስቶታል። ማንኳኳቷን እኔ እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር።

የድምፅ መልእክቱንና አራቱን ቁራጮች ከነስልኬ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ። መርማሪው በቤተሰብነቴ ይቅርታ ማድረግ እፈልግ እንደሆነ በአስተርጓሚዋ በኩል ጠይቆኝ፣ አልፈልግም ብያለሁ። ተጠርጣሪው አምስተኛውን ክፍል አሁንም እየጠበቀ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ እንዳልነበረ በሚነገረው ጊዜ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ ፊቱን እንዳየው እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ።

ቃሌ በአማርኛ ተነብቦልኝ፣ ያላልኩት እንዳልተጨመረበት፣ ያልኩትም እንዳልተቀነሰበት፣ በፈጣሪም በሕግም ፊት የምቆምበት እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የአስተርጓሚዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________