የቆርኪው ከረጢት

ርእሰ መምህራችን አቶ ግዛቸው፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ እንዲሁም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «ያሳጥሩት» እያሉ በዓይናቸው የሚቆጡኝ መምህርት ፅጌ፤ እንደምን ዋላችሁ።

አላሳጥርም። እኔ የዚህ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ። እስከ ዛሬ ስንቱ ሲናገር በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ መምህርት ፅጌን በጡረታ ስንሸኝ ተራው የእኔ ነው። አቶ ግዛቸው «ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ንግግሩን እኛ ጽፈን እንስጥዎት» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ፊደሌ ትንሽ ናት፤ ግን የራሴ ናት። ስደናቀፍ መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ ማታ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።

መምህርት ፅጌ መጀመሪያ የመጡ ዕለት አላስገባኋቸውም። ይህን እሳቸው በየዓመቱ ስለሚያወሩት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ የእኔን ወገን ስሙ። ጠዋት ነው። አንዲት ሴት ከዱቄት ጆንያ የተሰፋ ከረጢት በትከሻዋ አንጠልጥላ መጣች። በተራመደች ቁጥር ከረጢቱ ይንሿሿል።

«ሻጭ ወደ ውስጥ አይገባም» አልኩ።

«አልሸጥም። ላስተምር ነው የመጣሁት።»

«እስቲ ይፍቱት።»

ፈቱት። ቆርኪ! የለስላሳ፣ የቢራ፣ የአምቦ ውሃ ቆርኪ፣ ከረጢቱ እስከ አፉ ሞልቶ።

«ይሄን ሁሉ ማን ጠጣው?» አልኳቸው።

«እኔ» አሉኝ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። «ትናንት ማታ። አሁን ያስገቡኝ፣ ራሴን እያመመኝ ነው።»

ቆርኪውን ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች የለቀሙት ልጆቹን ቁጥር ሊያስቆጥሩበት መሆኑን የነገሩኝ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ እኔ «ለአንደኛ ክፍል ሰካራም ተመደበች» ብዬ ለግማሹ መምህር አውርቼ ነበር።

እንግዲህ እስከ ዛሬ አንደኛ ክፍልን አስተማሩ። ችግሩ፣ ከክፍል ወጥተውም ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስላቸዋል። ስብሰባ ላይ አቶ ግዛቸውን «እጅ ሳያወጡ አይናገሩ» ያሏቸው ማን ናቸው? ምሳ ሰዓት ላይ «እጅህን ታጥበሃል? አሳየኝ፤ ገልብጠው» ያልተባለ ወንድ መምህር እዚህ አለ? አንድ ቀን እኔን ሲያስነጥሰኝ መሐረብ ይዘው ወደ አፍንጫዬ መጡ። ይህን ሽበቴን እያዩ!

ሌላው አመላቸው ስጦታ ነው። ሰው ሲወጣ የምፈትሽ እኔ ነኝ፤ መምህርት ፅጌ ስጦታ ይዘው ከዚህ በር ሲወጡ አንድም ቀን አላየሁም። ወላጆች ዓመቱ ሲያልቅ አዋጥተው የግድግዳ ሰዓት ሰጧቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰቀሉት። ጋቢ ሰጧቸው፤ ክፍል ውስጥ ያተኮሰው ልጅ ሁሉ ይተኛበታል። ፔርሙስ ሰጧቸው፤ ሻዩን የምጠጣበት እኔ ነኝ። ያ በር ላይ የተንጠለጠለው ጃንጥላም የእሳቸው ነው። «የማን ልበል?» ብላቸው «የዘነበበት ሰው ነው» አሉኝ።

«ወደ ቤትዎ ይውሰዱት» ብሎ ወላጅ ሲለምናቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከእናንተ መሃል ለእኔ ብላ ተበድራ ያዋጣች እናት አለች። መጀመሪያ ለእሷ መልሱላት።»

ይህን የሚሉት ስላዩ ነው። ድሮ እዚህ የክፍል ፓርቲ ሲደረግ ያዋጣ ወላጅ ስም ይጠራ ነበር። ድፎው ተቆርሶ ለስላሳው ሲከፈት፣ ወላጆቻቸው ያላዋጡ ልጆች እኔ ዘንድ ይመጣሉ። «ምነው?» ስላቸው «አሞኛል» ይላሉ። ሳይታመሙ ነው የሚያማቸው።

መምህርት ፅጌ ይህን ባዩ ጊዜ ያንን ከረጢት ከነቆርኪው አምጥተው ሰጡኝ። «ጋሽ ወልደጻድቅ፣ በሩ ላይ ይያዙልኝ። ወላጅ ሁሉ እጁን ጨብጦ ያስገባል፣ ዘርግቶ ያወጣል። እርስዎ ሲንሿሿ ብቻ ይስሙ» አሉኝ። ባለ ባጃጁም ጨብጦ አስገባ፣ የሆቴል ባለቤቱም ጨብጦ አስገባ፣ ምንም የሌላትም እናት ጨብጣ አስገባች። ባዶ እጅም ቆርኪውን ያንሿሿዋል። ከዚያ ወዲህ በፓርቲ ቀን የታመመ ልጅ አላየሁም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ያረፈች ጊዜ ሠራተኛው አዋጣ። አቶ ግዛቸው ፖስታ ይዘው ድንኳኑ ድረስ መጡ። «ሚስቴን የምቀብረው እኔ ነኝ። ለወልደጻድቅ አይዋጣም» ብዬ ከነፖስታቸው መለስኳቸው። ዛሬም ቢሆን እመልሳቸዋለሁ፤ አይቀየሙኝ።

በማግስቱ መምህርት ፅጌ መጡ። ሳላያቸው ከከረጢቱ ድምፅ አወቅኳቸው። ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀመጡና «ይመልሱ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ለየባለቤቱ ይመልሱ። ማን ምን እንዳስገባ ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ባለቤቱ ካልታወቀ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ይያዛል እንጂ።»

አጠገቤ ተቀምጠው ገንዘቡን ከቆርኪው ይለዩልኝ ጀመር። ሲነሱ ምን አሉ? «ቆርኪውን እወስዳለሁ፤ ሰኞ ትምህርት አለ።» ሐዘን ላይ ሆኜ ሳቄ መጣ። ጥሩወርቅ በትዳራችን ሁሉ አንድ ቀን አፌን ልታስይዘኝ አልቻለችም፤ ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን አልኩ።

ያን ዕለት ያደረጉልኝን ነገር ሳላመሰግን እስከ ዛሬ ቆየሁ። መምህርት ፅጌ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቤቴ ባዶ በሆነበት ሰሞን ሰው እንዳለኝ ያወቅኩት በእርስዎ ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ሶፍያ፣ ያቻት ከኋላ ተቀምጣለች፣ ሰሞኑን በሩ ላይ መጣችና «ጋሼ፣ ምን ብንገዛላቸው ይሻላል? ምንም ብንሰጥ ክፍል ውስጥ ትተውት ሊሄዱ ነው» አለችኝ።

«ጫማ» አልኳት።

«ቁጥራቸውን ማን ያውቃል?»

«ጭቃው።»

ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህርት ፅጌ፣ ዱካዎ በዚህ ግቢ አይጠፋም፤ ትልቅ ነው። ዝናቡ እንዳባራ ከበሩ ወደ ክፍል የረገጡትን በሲባጎ ለካሁትና መናኸሪያ ጀርባ ላለው ጫማ ሰፊ ወሰድኩለት።

«ይሄ የወንድ ነው» አለኝ።

«የሴት ነው።»

«አባቴ፣ ሴትየዋን ያሳዩኝና በነጻ ልስፋላት!»

ይኸውና፣ ጥቁር ቆዳ ነው። ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣ ልጅ አይተኛበት። ከዚህ ግቢ ሌላ ሴት ብታደርገው ትዋኝበታለች። ለማን ሊተዉት ነው?

ቆይ፣ አፍዎን ሊከፍቱ ነው። እጅ ሳያወጡ አይናገሩም! «ተበድራ ያዋጣች አለች» ሊሉኝ ነው። ይህ ጫማ የተሰፋው በዚህ ከረጢት በተዋጣ ገንዘብ ነው፤ በሩ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ቁጥር ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ ወላጅ ሆነው መጥተው እጃቸውን ጨብጠው አስገቡ። ማን ምን እንዳስገባ አላውቅም፤ ሲንሿሿ ብቻ ሰማሁ። የእኔም እጅ ገብቷል። ጨብጬ ነው ያስገባሁት፤ ሌላውን አይጠይቁኝ።

እንግዲህ ይመልሱ። ለየባለቤቱ።

አያችሁ? እጃቸውን አወጡና መልሰው አወረዱት። እኔም እንዲሁ ነበር የሆንኩት።

በሉ ተነሱ፤ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን፣ ውሃ የያዘ ውሃውን ያንሳ። ለመምህርት ፅጌ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። በዚህ ጫማ ሐይቁ ዳር ይመላለሱበት፣ የልጅ ልጅ ሰርግ ይጨፍሩበት፤ ሲያልፉም በኛ በር ይለፉ። የጠጣችሁም ቆርኪውን እንዳትጥሉ፤ ከረጢቱ ውስጥ ክተቱት፤ አዲሷ መምህርት ትፈልገዋለች።

በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። መምህርት፣ ያኔ ያስገባሁዎት ከረጢትዎን አስፈትቼ ነው። ዛሬ የማስወጣዎት ደግሞ ያን አሮጌ ጫማዎን አስፈትቼ ነው። እስቲ ይፍቱት።