የቢፍቱ በሽታ ከማን መጣ?

— ሄሎ፣ ዘይነዲን! ወአለይኩም ሰላም… ከጠዋት ጀምሮ ስደውልልህ ነበር እኮ! የልጅህ የደም ምርመራ ውጤት መጣ። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ አሁን ነው የላከልኝ… ቆይ፣ ማነው የሚንጫጫው?

— ሽማግሌዎች? ማል ታቴ? ምን ተፈጠረ?

— ወደ ቤተሰቦቿ ሸኛችኋት?! ሚስትህን? ከነቢፍቱ?… ሲስተር ሊሊ፣ የክፍሉን በር ዝጊልኝ እባክሽ፣ ወንድሜ ነው… እማ ናት አይደል «በሽታው ከዲንቄ ዘር ነው» ያለችው? አንተስ ዝም አልክ?

— አትጩህብኝ፣ ስማኝ! የሁለታችሁም ደም ታይቷል። እሷም ጋ የለም፣ አንተም ጋ የለም። ልጅቷ ስትፀነስ በራሱ የተፈጠረ ነው።

— እሺ፣ ላስረዳህ። ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ረጅም ክር ነው፣ ቢዘረጋ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ፕሮቲን ላይ እየተጠመጠመ ነው እዚያች ጠባብ ቦታ የሚታጨቀው። ሴሏ አንድ ጂን ማንበብ ስትፈልግ እዚያ ጋ ያለውን ታላላዋለች፤ የቀረው እንደታሸገ ይቆያል። ይሄን የሚቆጣጠር ፕሮቲን አለ… አዎ፣ የቢፍቱ እሱ ነው የተበላሸው። አንጎሏ ውስጥ ጂኖቹ አሉ፣ በወጉ አይነበቡም እንጂ። «አባ» ማለት ጀምራ የተወችው፣ እጇን እንደዚያ የምታፍተለትለው ለዚህ ነው።

— መድኃኒት?… የሚያድናት የለም፣ ወንድሜ። አልዋሽህም። የሚረዳት ግን አለ።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? እነዲንቄ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ወጥቷል?… አታውቅም?! ከደሎ መና ሳይሞላ አይነሳም፣ ሩጥ! ሽማግሌዎቹን አላህ ይስጥልኝ በላቸውና ሩጥ! ስልኩን እንዳትዘጋው!

— ደረስክ?… አለ? አልሀምዱሊላህ! ግባ።

— አልወርድም አለች?… ታዲያ ምን ትበል? ስልኩን ስጣት።

— ዲንቄ፣ ሙሉካ ነኝ… አውቃለሁ፣ እህቴ… አይ፣ ውረጂ አልልሽም… ምን?… እርጉዝ ሆነሽ ማዳበሪያ ስለተሸከምሽ? ማነው እንደዚህ ያለሽ?… አይደለም፣ ወላሂ! በልተሽው፣ ተሸክመሽው የመጣ አይደለም። አንቺ ምንም አላደረግሽም።

— አልቅሺ… አልዘጋም፣ አልቅሺ።

— ሊነሳ ነው? በቃ፣ ነይ። እዚህ ጎባ፣ መናኸሪያው ጋ እጠብቅሻለሁ… ዘይነዲንስ፣ ወረደ?

— ተቀመጠ? በቤት ጫማ?!… ተይው፣ ይምጣ… ቢፍቱን ማን ይዟታል?

— እሱ?

— ሄሎ?… ዲንቄ?… ሄሎ?… ተቋረጠ።